የአባዬ ሳጥኖችና አዲሱ አምፕ፦ ከጾሙ መግቢያ እስከ ሆሳዕና

ቅዳሜ፣ የካቲት 15 ቀን 2017

ከነገ ወዲያ ዐቢይ ጾም ይገባል። አባዬ በጾም ዘፈን አይሰማም። በገና ብቻ ነው የሚሰማው። ማታ ከእራት በኋላ ሳሎን ያለችው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ትልቁን መብራት ያጠፋል፤ ዝም ብሎ ይሰማል። ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ማለት ለኔ ይህ ድምፅ ነው።

ዘንድሮ ግን ችግር አለ። ድምፁን አጉልቶ ወደ ስፒከሮቹ ይልክ የነበረው አሮጌው ሪሲቨር ክረምት ላይ ተቃጥሏል። ጠጋኙ ትራንስፎርመሩ ሄዷል ብሎ መለሰልን። ሁለቱ የስፒከር ሳጥኖች ግን አሉ። አክስቴ ከ30 ዓመት በፊት ከጅዳ ስትመለስ ያመጣቻቸው ናቸው። ከባድ ናቸው፤ ዙሪያቸው የታሸገ፣ የአየር ቀዳዳ የሌላቸው። የዉፈሩ፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር፣ ጠርዙ ላስቲክ ስለሆነ እስካሁን አልተበላም። ፎም ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ተፈረካክሶ አልቆ ነበር።

ባለፈው ሳምንት መርካቶ ወርጄ በሪሲቨሩ ፈንታ ትንሽ አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ገዛሁ። መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ናት። ካርቶኑ ላይ 600 ዋት ይላል። ዛሬ ጠዋት ገጠምኳት። ድምፅ አለ፤ ግን ድምፁ ቀጭን ነው። ቤዝ የሚባል ነገር የለም። ከበሮ ያለበት መዝሙር ከፍቼ ቮልዩሙን ስጨምር ደግሞ ከበሮው በተመታ ቁጥር ለአፍታ ዝም ትልና ትመለሳለች።

አባዬ አንድ ደቂቃ ያህል ሰማ። ከዚያ "ይሄ እኮ በገና አይደለም፤ ክራር ነው" አለኝ።

ልክ ነው። የበገናው ወፍራም ድምፅ የት ገባ? ከዛሬ ጀምሮ የማደርገውን ሁሉ እየጻፍኩ ልሄድ ነው። አሮጌ ሳጥን ቤቱ ያለው፣ አዲስ አምፕ የገዛ ሰው ብዙ ነው። ለአንዱ ይጠቅም ይሆናል።

ለመነሻ ያህል፦ ሳሎኑ 4 ሜትር በ5 ሜትር ነው። ከሳጥኖቹ እስከ አባዬ ወንበር 3 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሽቦው አባዬ ድሮ በግድግዳው ጥግ የዘረጋው የስልክ ሽቦ ነው። የአምፑ መመሪያ ቺፑ ቲፒኤ3116ዲ2 ነው ይላል። አዳፕተሩ 12 ቮልት፣ 2 አምፔር።


እሑድ፣ የካቲት 16

መጀመሪያ ኦሙን፣ ማለትም ስፒከሩ ከረንትን ምን ያህል እንደሚቋቋም፣ ላጣራ ብዬ ተነሳሁ። ከሳጥኑ ጀርባ ያለው ወረቀት ደብዝዟል። 84 ዴሲቤል የሚለው ይነበባል። የኦሙ ቁጥር ግን ተፍቋል።

ሳጥኑን ከሽቦው አላቀቅኩና በመልቲሜትር ለካሁት። 3.7 አለ። የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች ሳነካካቸው ራሳቸው 0.3 ያሳያሉ። ይህ መቀነስ አለበት። ስለዚህ አንደኛው 3.4 ኦም፣ ሌላኛው 3.3 ኦም ነው። ባለ 8 ኦም ስፒከር ቢሆን ኖሮ ከ5.5 እስከ 7 አካባቢ ባነበብኩ ነበር። የኛዎቹ ባለ 4 ኦም ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መልቲሜትር የሚያነበው የጥቅልሉን ሽቦ ብቻ ነው። ሙዚቃ ሲገባ ግን ኦሙ አንድ ቦታ አይቆምም። እንደ ድምፁ ውፍረትና ቅጥነት ይወጣል፣ ይወርዳል። ዉፈሩ በራሱ በሚርገበገብበት ድምፅ ላይ 20 እና 30 ኦም ሊደርስ ይችላል። ከዚያ ትንሽ ከፍ ሲል ወደ ታች ይወርዳል። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ለመግባባት ያህል ነው። ዓለም አቀፉ ደረጃ ዝቅተኛው ነጥብ ከተጻፈው ቁጥር 80 በመቶ በታች እንዳይወርድ ይጠይቃል። ለ4 ኦም ይህ 3.2 ማለት ነው።

ለምን ይጠቅመናል? በአንድ ዓይነት ቮልት ባለ 4 ኦሙ ከባለ 8 ኦሙ እጥፍ ከረንት ይጠጣል። አምፑ ያን ማቅረብ ካልቻለ ይሞቃል ወይም ራሱን ያጠፋል። የኔዋ ግን መመሪያዋ ላይ እስከ 4 ኦም ትችላለች። እንግዲህ ጥፋቱ ኦሙ ላይ አይደለም።


ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ጾሙ ከገባ ሁለተኛ ቀን ነው። አባዬ ትናንት ማታ ምንም ሳይሰማ ተኛ። ዛሬ ከሥራ እንደተመለስኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩና የቤዙን ነገር ያዝኩ።

ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ አመጣሁ፤ የግድግዳ ሰዓት ላይ የሚገባውን። የሳጥኑን የፊት ጨርቅ አወለቅኩ። የባትሪውን ፖዘቲቭ ከቀዩ፣ ኔጌቲቩን ከጥቁሩ ጋር ለቅጽበት አነካካሁ። ተክ አለ። የዉፈሩ ወረቀት ወደኔ ወጣ። ጣቴን በስሱ አስደግፌ ደገምኩት። አሁንም ወደ ውጭ ገፋኝ። ደህና፤ የግራው ትክክል ነው።

ወደ ቀኙ ሄድኩ። ቀይ ከፖዘቲቭ፣ ጥቁር ከኔጌቲቭ። ተክ። ወረቀቱ ከጣቴ ሸሸ። ወደ ውስጥ ገባ።

ደግሜ፣ ሰልሼ ሞከርኩት። ያው ነው። የቀኙ ሳጥን ውስጡ ተገልብጦ ነው የተገጠመው። አባዬን ስጠይቀው ሳጥኑ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ለጥገና ወጥቶ ነበር አለኝ። ያኔ ነው የተገለበጠው።

አሁን ትዝ አለኝ። አሮጌውን ሪሲቨር ስነቅል የቀኙ ሽቦ ተገልብጦ፣ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ ነበር። ስህተት መስሎኝ በአዲሷ አምፕ ላይ "አስተካክዬ" ገጠምኩት። ለካ አባዬ ነው ያን ጊዜ በጆሮው ሰምቶ የገለበጠው። ፕላስተሩን የጠቀለለውም እንዳይረሳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ50 ኸርዝ ድምፅ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ፣ ሞገዱ 7 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሁለቱ ሳጥኖች በመካከላቸው 2 ሜትር እንኳ የለም። አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ከሳበ፣ ወንበሩ ጋ ሲደርሱ ይጣፋሉ። ቀጭኑ ድምፅ ሞገዱ አጭር ስለሆነ ያን ያህል አይጎዳም። ለዚህ ነው በገናው ክራር የሆነው።

ሳጥኑን ከፍቼ ውስጡን አቃናሁት። ፕላስተሩን ፈታሁ። አሁን ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ነው።

ማታ ከፈትኩለት። አባዬ ወንበሩ ላይ ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። "መጣ" አለ። ሌላ አልጨመረም።


ቅዳሜ፣ የካቲት 22

በገና በትንሽ ድምፅ አሁን ጥሩ ነው። ከበሮ ሲመታ መጥፋቷ ግን አልቀረም። አምፗን ይዤ መርካቶ የማውቀው አሮጌ ቴፕ ሠሪ ጋ ሄድኩ። ዕድሜው ከአባዬ ጋር አይራራቅም።

"ጋሼ፣ ባለ 600 ዋት ናት፤ ግን ከበሮ አትችልም" አልኩት።

"600 ያለሽ ማነው?"

"ካርቶኑ።"

"አዳፕተሩስ ምን ይላል?"

"12 ቮልት፣ 2 አምፔር።"

"አባዢያ ልጄ።"

24። ሃያ አራት ዋት፤ ያውም ለሁለቱም ሳጥን። ከዚያ ላይ አምፗ ራሷ በሙቀት የምታባክነው ይቀነሳል። "ከግድግዳው ያልገባ ከሳጥኑ ከየት ይወጣል?" አለኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር የትም ሱቅ ግድግዳ ላይ ብለጥፈው ደስ ይለኛል።

ካርቶን ላይ የሚጻፉት 600፣ 1200፣ ፒኤምፒኦ የሚባሉት ቁጥሮች የሚለኩበት የጋራ መስፈሪያ የላቸውም። ማየት ያለባችሁ ለአፍታ ብቻ የሚወጣውን ሳይሆን አምፑ ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለውን ዋት ነው። እሱም በስንት ኦም ላይ እንደሆነ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ አዳፕተሩን አባዙት።

ቮልቱም ራሱን የቻለ አጥር ነው። እንደኔዋ ያለ አምፕ ከ12 ቮልት አዳፕተር ለስፒከሩ ሊሰጥ የሚችለው ቢበዛ 8.5 ቮልት ገደማ ነው። 12ን ለ1.414 ማካፈል ነው። ከዚያ ቮልቱን በራሱ ታባዙና ለኦሙ ታካፍላላችሁ። 8.5 በ8.5፣ ሲካፈል ለ4፣ 18 ዋት ይሆናል። ባለ 8 ኦም ሳጥን ቢሆን 9 ብቻ ነበር።

ከዚያ በላይ ስትጠይቋት የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል። ክብ መሆን የነበረበት አናት ጠፍጣፋ ይሆናል። ያኔ ነው ድምፁ የሚሻክረው፣ "ተቀደደ" የምንለው። እዚህ ላይ በሰፈራችን የሚነገረው ነገር መስተካከል አለበት። ሁሉም ሰው ትልቅ አምፕ ስፒከር ያቃጥላል ይላል። እርግጥ ነው፣ ያለ ልክ ከተከፈተ ያቃጥላል። ትንሽ አምፕም ግን እስከ ጥግ ተከፍቶ ጫፉ እየተቆረጠ ሲሠራ ያቃጥላል። የተቆረጠው ሞገድ መጀመሪያ ያልነበሩ ቀጫጭን ድምፆች ይወልዳል። እነሱ በቀጥታ ወደ ቱዊተሩ፣ ቀጭኑን ድምፅ ወደሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ይሄዳሉ። የቱዊተር ጥቅልል ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ሠርግ ቤት የሚቃጠሉ ቱዊተሮችም እንዲህ ሊያልቁ ይችላሉ።

ጋሼ አንድ ያገለገለ የላፕቶፕ ቻርጀር አወጣልኝ። 19 ቮልት፣ 4.74 አምፔር። 90 ዋት። የአምፗ ቺፕ ከ4.5 እስከ 26 ቮልት ይሠራል። ያም ቢሆን ክዳኗን ከፍቶ ኮንደንሰሮቹን አየልኝ። 35 ቮልት ይላሉ። "16 ቢሉ ኖሮ አልሰጥሽም ነበር" አለኝ። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ቮልት ስትጨምሩ ውስጧ ያለው ሁሉ ያን ቮልት መቻሉን ማየት ያስፈልጋል።


እሑድ፣ የካቲት 23

ከመሰካቴ በፊት ቻርጀሩን ለካሁት። 19.3 ቮልት። ፖዘቲቩ መሃል ላይ ነው፤ አምፗም እንደዚያው ናት። ሰካሁ።

ከበሮው ተመታ። አልጠፋችም። ቮልዩሙን ጨመርኩ። አሁንም አልጠፋችም። ከበሮው ከደረት ጋር የሚነጋገር ሆነ። እማዬ ከጓዳ "ምንድነው ደግሞ እሱ?" አለች። ቀነስኩት። አምፗን በእጄ ዳበስኳት፤ ለብ ብላለች፤ አትፋጅም።


ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ዛሬ የለካሁት ነገር አስተሳሰቤን ቀይሮታል። ጥያቄው ይህ ነበር፦ እኛ ቤት በእርግጥ ስንት ዋት ያስፈልጋል?

አሠራሩ ቀላል ነው። አባዬ ማታ ማታ የሚሰማበትን የቮልዩም ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ወንድሞቼ መጥተው ቤቱ ሲሞላ የምንከፍትበትንም ምልክት አደረግኩ። ከዚያ ሳጥኖቹን ነቀልኩ። ይህ ግዴታ ነው፤ የሙከራ ድምፅ በሙሉ ኃይሉ ወደ ስፒከር ከተላከ ሊያበላሸው ይችላል። በስልኬ 100 ኸርዝ ድምፅ በሙሉ ልኩ ከፈትኩ። መልቲሜትሩን የኤሲ ቮልት ላይ አድርጌ የአምፗ መውጫ ላይ አነበብኩ። የማነበው በዚያ ቮልዩም ላይ ሙዚቃው ሊደርስበት የሚችለውን የመጨረሻ ጣሪያ ነው።

የአባዬ ምልክት፦ 2.4 ቮልት። በራሱ ሲባዛ 5.76። ለ4 ሲካፈል አንድ ዋት ተኩል እንኳ አይሞላም።

የእንግዳ ቀን ምልክት፦ 9.2 ቮልት። 21 ዋት።

አያችሁ? አሮጌው አዳፕተር ጣሪያው 8.5 ቮልት ነበር። እኛ የምንጠይቃት 9.2። ለሁለቱ ሳጥኖች 42 ዋት ገደማ ማለት ነው፤ አዳፕተሩ ያለው ግን 24 ብቻ ነበር። ከበሮ ሲመታ ትጠፋ የነበረው ለዚህ ነው። የአባዬ በገና ግን አንድ ዋት ተኩልም አይፈጅም። በካርቶኑ ላይ ስለተጻፈው 600 ደግሜ ማሰብ አያስፈልገኝም።

ዋት ሲጨምር ድምፅ እንዴት እንደሚጨምር ማወቅም ደግ ነው። ዋቱን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ "ትንሽ ጨመረ" ይላል፤ በቃ። ድምፁ እጥፍ የሆነ እንዲመስል 10 ዴሲቤል ያስፈልጋል። ያ ደግሞ 10 እጥፍ ዋት ነው። ስለዚህ ከባለ 50 ዋት ወደ ባለ 100 ዋት አምፕ ለመዛወር ብዙ ብር የሚያወጣ ሰው የሚያገኘው ልዩነት እጅግ ትንሽ ነው። ብሩን ሳጥን ላይ ቢያውለው ይሻላል።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

የሽቦው ቀን። አባዬ የዘረጋው የስልክ ሽቦ ውስጡ ግማሽ ሚሊሜትር የሚሆን አንድ ዘንግ ነው። ከአምፗ እስከ ሳጥን 7 ሜትር። ከረንቱ ሄዶ ስለሚመለስ 14 ሜትር ይቆጠራል። ሲሰላ 1.2 ኦም ገደማ ይመጣል። በ8 ኦም ሳጥን ላይ ብዙም ባልተሰማ። በኛ 4 ኦም ላይ ግን ሩብ የሚጠጋው ኃይል ሽቦው ላይ ይቀራል። ከዚያም በላይ፣ የሳጥኑ ኦም ስለሚወጣና ስለሚወርድ ሽቦው ከአንዱ ድምፅ ብዙ፣ ከሌላው ጥቂት ይቀንሳል። የድምፁ መልክ ይቀየራል። አምፑ ዉፈሩን ጨብጦ የማቆም አቅሙም ይደክማል። ከበሮው ተመትቶ ማቆም ሲገባው ትንሽ ይጎተታል።

ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ለስላሳውን ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ገዛሁ። በዚያው ርዝመት 0.1 ኦም ገደማ ነው። ልዩ የስፒከር ሽቦ ተብሎ በውድ የሚሸጠውን አልገዛሁም፤ መዳብ መዳብ ነው፣ ውፍረቱ ይብቃ እንጂ። ጫፎቹን ላጥኩ፣ ክሮቹን አጥብቄ ጠመዘዝኩ፣ አንዲት ክር እንኳ ወጥታ ሌላውን እንዳትነካ አየሁ።

ለውጡ ጎልቶ የሚሰማው ከበሮ ላይ ነው። አሁን ሲመታ ይሰማል፣ ሲያቆምም ይሰማል።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ታናሽ ወንድሜ የራሱን ሳጥኖች ይዞ መጣ። ባለ 8 ኦም፣ 90 ዴሲቤል። "የኔ ይበልጣል፣ እንወራረድ" ብሎ ነው የመጣው።

90 ዴሲቤል ማለት አንድ ዋት ገብቶለት አንድ ሜትር ላይ ሲለካ 90 ይጮኻል ማለት ነው። የኛ 84 ነው። ልዩነቱ 6 ዴሲቤል ነው፤ ስለዚህ የኛ እኩል ለመጮህ 4 እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ቮልዩሙ አንድ ቦታ እያለ ስናቀያይር ግን የሱ ይበልጥ የነበረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። የኛ ባለ 4 ኦም ስለሆነ በዚያው ቮልት እጥፍ ዋት ይስባልና። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለት ካታሎግ አወዳድሮ ይሸወዳል። አንዳንድ ባለ 4 ኦም ሳጥን በ1 ዋት ሳይሆን በ2.83 ቮልት ተለክቶ ነው የሚጻፈው። 2.83 ቮልት በ8 ኦም 1 ዋት ነው፤ በ4 ኦም ግን 2 ዋት ነው። እንደዚያ ከተጻፈ 3 ቀንሱለት።

መጀመሪያ ስንሰማ ሁላችንም የወንድሜን መረጥን። ከዚያ ቮልዩሙን በመልቲሜትርና በጆሮ አስተካክዬ እኩል እንዲጮኹ አደረግኩ። ጆሮ ጮክ ያለውን ነው የሚመርጠው፤ እኩል ካልተደረገ ውድድሩ ከንቱ ነው። እኩል ሲሆኑ ለሰው ድምፅ አሁንም የወንድሜ ጥሩ ነው፤ ንግግሩ ጥርት ይላል። በገናው ላይ ግን የአባዬ ሳጥን ይከብዳል። ወፍራሙ አውታር ሲነካ ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር የቆመ ይመስላል።

እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 አሜሪካ፣ ካምብሪጅ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኤድጋር ቪልቸርና ሄንሪ ክሎስ አኮስቲክ ሪሰርች የሚባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ያመጡት ሐሳብ ዉፈሩ እንዲለሰልስ አድርጎ በታሸገ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ማስገባት ነበር። ሳጥኑ ውስጥ የታፈነው አየር እንደ ስፕሪንግ ሆኖ ወረቀቱን ይመልሰዋል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቤዝ ለማውጣት ቁም ሣጥን የሚያክል ነገር ያስፈልግ ነበር። ዋጋው ግን አለ። የታሸገው ትንሽ ሳጥን ዋት ይጠጣል። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ የነበሩ ሲኒማ ቤቶች በጥቂት ዋት አዳራሽ ሙሉ ሰው ያሰሙ የነበሩት ቀንድ መሰል የስፒከር አፎቻቸው ግዙፍ ስለነበሩ ነው። በኋላ ከክሎስ ጋር የሠራው ሆፍማን ነገሩን አጥርቶ አስቀመጠው፦ ጥልቅ ቤዝ፣ ትንሽ ሳጥን፣ በጥቂት ዋት ብዙ መጮህ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ታገኛለህ፣ ሦስተኛውን ትተዋለህ። የአባዬ ሳጥን ሦስተኛውን ነው የተወው። የወንድሜ ሳጥን የመጀመሪያውን።

ሌላም ነገር ታዝቤያለሁ። በኔ አምፕ የወንድሜ ሳጥን ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) ትንሽ ይወጋ ነበር። የዚህ ዓይነት ዲ ክላስ አምፕ መውጫው ላይ ጥቅልልና ኮንደንሰር ያለበት ማጣሪያ አለው። ማጣሪያው ለአንድ ኦም ተብሎ የተሰላ ነው። ለ4 ኦም የተሰላው 8 ኦም ሲገጠምበት ጫፍ ላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ከፍ ያደርገዋል። አምፕና ስፒከር ይስማሙ ስንል ዋት ብቻ አይደለም የምንለው፤ ይሄም አለበት።

ወንድሜ ታዲያ "አራቱንም አንድ ላይ እንግጠማቸው፣ ኔጌቲቮቹን በአንድ ሽቦ እናድርጋቸው" አለኝ። እጁን ያዝኩት። 4 ኦምና 8 ኦም ጎን ለጎን ሲገጠሙ 2.67 ኦም ይሆናሉ። ይህ ከአምፗ ወሰን በታች ነው። የኔጌቲቩ ነገር ደግሞ ይብሳል። በእንዲህ ዓይነት አምፕ ላይ ጥቁሩ ጫፍ ባዶ አይደለም። ሁለቱም ጫፎች ላይ የአዳፕተሩ ግማሽ ቮልት አለ፤ በኛ ቤት 9.5 ገደማ። የግራና የቀኝ ኔጌቲቭን ማገናኘት ወይም ከብረት አካሏ ጋር ማነካካት አምፗን በአንድ ቅጽበት ሊገድላት ይችላል። ድሮ መኪናና አሮጌ ቴፕ ላይ የለመደ ሰው ይህን ያለ ሐሳብ ያደርገዋል። እባካችሁ አታድርጉት።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ዛሬ አጭር ናት። መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። በመጣ ቁጥር ሳጥኖቹ "ዷ" ይላሉ። አምፗን ስታቢላይዘር ላይ ሰካኋትና አባዬ መብራት ሲሄድ በዲቫይደሩ ማብሪያ እንዲያጠፋት ነገርኩት።

ሳጥኖቹን ከግድግዳው ጥግ ግማሽ ሜትር ወደ ፊት ሳብኳቸው። ጥግ ላይ ሲሆኑ ቤዙ ይበዛል፣ ግን ይደበላለቃል። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ወደ 2 ሜትር ተኩል አሰፋሁት። ቱዊተሩ ከአባዬ ጆሮ ጋር እንዲስተካከል ከሥራቸው ሁለት ሁለት ብሎኬት አስገባሁ፤ እማዬ ደግሞ ብሎኬቱን በጨርቅ ሸፈነችው። ለዚህ ሁሉ የወጣው የብሎኬቱ ዋጋ ብቻ ነው፤ ያመጣው ለውጥ ግን ከሽቦው አይተናነስም።


እሑድ፣ ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቤቱ ፀጥ ብሏል። አባዬ ግንባሩ ላይ ያሰራት የዘንባባ ቀለበት ጠረጴዛው ላይ አለች። ከሰዓት በኋላ ራሱ "እስቲ ክፈቺልኝ" አለኝ።

የድሮ የበገና ቅጂ ነው፤ እሱ ወጣት እያለ ጀምሮ የሚሰማው። ከፈትኩት። መልቲሜትሩን የግራው ሳጥን ላይ አስሬ ለመጨረሻ ጊዜ ማየት ፈልጌ ነበር። ቁጥሩ ይዋዥቃል፤ ከ0.8 ቮልት ግን አልዘለለም።

በገና አሥር አውታር አለው። እያንዳንዱ አውታር ድልድዩ ላይ ከሚያርፍበት ሥር ትንሽ ቆዳ ይገባል፤ እንዚራ ይባላል። ያ የሚያንዛርር፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ከሱ ነው የሚመጣው። ቆዳው በትክክል ካልተቀመጠ አውታሩ ባዶውን ይጮኻል። በክረምት የተቃጠለው ሪሲቨር እያለ፣ በዚያ የስልክ ሽቦ፣ እንዚራው ለኔ አንድ የተጠቀለለ ድምፅ ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ ለብቻው ይሰማል። ጣቱ አውታሩን ሲነካ መጀመሪያ ትንሽ የቆዳ ድምፅ አለ። ከዚያ ማንዛረሩ ይነሳል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይሞታል። ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት ትንፋሽ ሲስብም ይሰማል።

አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። መሃል ላይ እጁን አነሳ።

"ሰማሽ?"

"ምኑን?"

"ያቺኛዋን አውታር። እንዚራዋ ላልታለች። አታንዛርርም። ይኸው ስንት ዓመት ስሰማው፣ አላወቅኩም ነበር።"

እኔ አልለየኋትም። ጠጋ ብዬ አብሬው አዳመጥኩ። እንደገና ስትመጣ በጣቱ አሳየኝ። አዎ፣ አንዷ ከሌሎቹ ትደርቃለች። ትንሽ ነው፤ ግን አለ።

መልቲሜትሩን ነቀልኩና አጠፋሁት።

"ከመጀመሪያው መልሺልኝ" አለኝ።